ማን ነካው?

በእኛ ቤት አንድ ዕቃ ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ምን ሆኖ ነው?›› አይደለም። ‹‹ማን ነካው?›› ነው። ቴሌቪዥኑ አልበራም ሲል ማን ነካው፣ ምጣዱ አልግል ሲል ማን ነካው፣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ ማን ነካው። ቢሮም ብትሄዱ ያው ነው። ማተሚያ ማሽኑ ወረቀት ጎርሶ አልተፋም ያለ ቀን፣ ክዳኑን ከፍቶ ወረቀቱን የሚስብ ሰው ከመገኘቱ በፊት መጨረሻ ያተመው ማን እንደሆነ ይጣራል። አጣሪ ሞልቶናል፤ የጠፋው ጠጋኝ ነው።

ደግሞ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ጥያቄው ለሁሉም እኩል አይቀርብም። ‹‹አባወራው ነክቶት ይሆናል›› ብሎ የሚጠረጥር የለም። ነካ የሚባለው ሁልጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ከገጠር የመጣው ዘመድ ነው፤ ቢሮ ከሆነ ደግሞ ተላላኪው ወይም ትናንት የተቀጠረው ልጅ ነው። ጥያቄው ቶሎ ብሎ የሚያርፈው መልስ ለመስጠት አቅም የሌለው ሰው ላይ ነው።

ይህን ስል ሌላውን ልወቅስ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ‹‹ማን ነካው?›› ብዬ የጮህኩት እኔ ራሴ ነኝ። የጮህኩትም በጨረቃ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰማይ ማየት እወዳለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ የእሳት ቀለበት መስላ በላሊበላ ሰማይ ላይ በታየች ጊዜ፣ በኮሮናው ምክንያት አዲስ አበባ ቀርቼ ከፊሉን ብቻ አየሁና ቁጭቱ ውስጤ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ በትንሽ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። እንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የእኔዋ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው የምታክለው። ከኋላዋ የምትሰካውን ካሜራ አንድ ወዳጄ ከአሜሪካ ሲመጣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ከካሜራዋ ጋር አንዲት የባንክ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር አብራ መጣች፤ ራስበሪ ፓይ ይሏታል። ስክሪን የላትም፣ ኪቦርድ የላትም። ከቴሌስኮፑ ጎን ብርድ ላይ ተቀምጣ ካሜራዋ ያየችውን እየተቀበለች ታስቀምጣለች። እኔ ሳሎን ውስጥ ሻይ ይዤ በላፕቶፔ፣ በዋይፋይ አያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ምቾት አለ?

ሐምሌ ላይ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር በረንዳ ላይ አድርጌ ሞከርኳት። ጨረቃ ጉድጓዶቿ ሳይቀሩ ቁልጭ ብላ ታየች። በረንዳው ግን የሰማዩን አንድ ጥግ ብቻ ነው የሚያሳየው። ጳጉሜን 2 ቀን ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ልትጋረድ ነው፤ ከምሽቱ 2፡30 እስከ 3፡52፣ ለ82 ደቂቃ ደም መስላ ልትቆይ ነው። የላሊበላው ቁጭት እንዳይደገም ነሐሴ ሲገባ ዕቃውን ሁሉ ልብስ ወደምናሰጣበት ጠፍጣፋ ጣሪያ አወጣሁት።

ሥዕሉ ተበላሸ።

እንዴት ያለ ብልሽት መሰላችሁ! የላይኛው ሲሶ ደህና ነው። ከዚያ በታች ጨረቃዋ በቢላ እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ወደ ጎን ተንሸራትታለች። ዝቅ ሲል አረንጓዴና ሐምራዊ ሽንትር፤ መጨረሻው ጥቁር። አንዱ ሥዕል ደህና ይመጣል፣ ተከታዮቹ ሦስቱ ተቆራርጠው ይመጣሉ።

ከእኛ ጋር የሚኖር የ12 ዓመት ልጅ አለ፤ የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ደሴ ናት፤ እሱ እኛ ዘንድ ሆኖ ይማራል። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው። ቴሌስኮፑ ከመጣ ወዲህ ከእግሬ ሥር ጠፍቶ አያውቅም። ቁልፍ ካየ ይጫናል፣ ቀዳዳ ካየ ይሰካል። በዚያው ሰሞን ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሯን ከነካሜራዋ፣ ከነገመዷ አውርዶ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቷት አግኝቼው ነበር። ያኔ ሥዕሉ መበላሸቱን ገና አላየሁምና ‹‹በል ወደ ቦታዋ መልሳት›› ብዬ አለፍኩት። ሥዕሉ ሲበላሽ ግን ይኸው ትዝ አለኝ።

‹‹ማን ነካው?›› አልኩ፤ መልሱን ይዤ።

‹‹እኔ ጋሼ፣ የዛን ቀን ቲቪው ላይ… ግን እኮ መብረቅ…››

‹‹የምን መብረቅ?›› ክረምት ነው፤ ሌሊቱን ሰማዩ ሲያጓራ ነው ያደረው። ‹‹ነካክተህ ስታበቃ መብረቅ መታው ልትለኝ ነው?››

‹‹አይ ጋሼ፣ ቢጫ…››

‹‹ዝም በል! ሁለተኛ እዚህ ዕቃ አጠገብ እንዳላይህ!››

ዝም አለ። በሰው ቤት የሚኖር ልጅ ዝም ማለት ያውቅበታል። እራት ሲቀርብ ከትሪው ዳር ዳሩን ሁለቴ ጎርሶ ተነሣ። ባለቤቴ ‹‹እስቲ ልጁ የሚለውን ስማው›› ብትለኝ፣ ‹‹ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም›› ብዬ ተረትኩባት። የቡሄ ለት የሰፈሩ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በራችን ላይ ሲመጡ ከኋላ ቆሞ አየሁት። አምና አውራጁ እሱ ነበር።

እኔ ጥገና ገባሁ፤ ጥገና ካላችሁት ነው። በአንድ ምሽት ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ የሚሞሪ ካርዱን ለወጥኩ፣ የካሜራዋን ፍጥነት ከፍ ዝቅ አደረግሁ፣ መሰኪያዎቹን አቀያየርኩ። ሥዕሉ አንዴ ይሻለዋል፣ አንዴ ይብስበታል። ሁሉንም ባንድ ላይ ስለነካካሁ የትኛው እንዳሻለው፣ የትኛው እንዳባሰበት የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ሐኪሙ አምስት መድኃኒት ባንዴ ያጎረሰው በሽተኛ ማለት ነው።

ቢቸግረኝ ሰፈራችን ውስጥ ለረጅም ዘመን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ወደኖሩ አንድ አዛውንት ሄድኩ። የሰማይ ካሜራ አይተው አያውቁም። ራስበሪ ፓይ ስላቸውም ‹‹የምን ፓይ?›› አሉኝ። የተቆራረጠችውን ጨረቃ በስልኬ ሳሳያቸው ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አዩና፣ ‹‹ደህና የነበረው መቼ ነው?›› ሲሉ ጠየቁኝ።

‹‹ሐምሌ ላይ።››

‹‹ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?››

‹‹ልጅ ነካብኝ አባቴ።››

‹‹እሱን አልጠየቅሁህም። እኔ ምን ነካው አልኩ እንጂ መቼ ማን ነካው አልኩህ?››

ሣቅሁ። እሳቸው ግን አልሣቁም። ‹‹ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። አንዴ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ለውጠህ እይ። ካልሆነ እንደነበረ መልሰህ ወደ ሌላው እለፍ። ደህና መሆኑን በዓይንህ ያየኸውን ከተጠርጣሪ ዝርዝር አውጣው›› አሉኝ።

እዚህ ላይ ሥዕሉ በምን መንገድ እንደሚበላሽ ላስረዳ። ካሜራዋ ያየችውን ባንድ ጊዜ አትልክም። እንደ ሸማኔ ናት፤ ከላይ ጀምራ መስመር በመስመር ነው የምትሠራው። በአንድ መስመር 1,920 ነጥብ፣ እንዲህ ያለ 1,080 መስመር፤ ለአንድ ሥዕል ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሆናል። ኮምፒውተሯ ነጥቦቹን በዩኤስቢ ገመዱ በመጡበት ተራ እየተቀበለች ትደረድራለች። መሃል ላይ ጥቂቶቹ በመንገድ ከጠፉ፣ ቀጥሎ የመጣው በጠፋው ወንበር ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን ይስታል። የጥበቡን አንድ ክር የዘለለ ሸማኔ ከዚያ ወዲያ ያለው አበባ ሁሉ ወደ ጎን እንደሚሄድበት ማለት ነው። ጨረቃዋን ለሁለት የቆረጣት ይኸው ነው። የመጨረሻዎቹ መስመሮች ሳይደርሱ ከቀሩ ቦታቸው ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ካሜራዋ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ከየአራቱ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ያያሉ። ኮምፒውተሯ ማን የቱን እንዳየ የምታውቀው በተቀመጠበት ቦታ ነው። ተራው በአንድ ነጥብ ሲዛነፍ አረንጓዴው በቀዩ ስም ይጠራል፣ ቀዩም በአረንጓዴው። አረንጓዴና ሐምራዊ ጨረቃ እንዲህ ነው የምትወለደው። በመንገድ የጠፋው ነጥብ ደግሞ አይመለስም። የተበላሸውን ሥዕል ማንም ባለሙያ አይጠግነውም። የሚጠገነው የሚቀጥለው ነው።

በአዛውንቱ ምክር መሠረት አንድ አንድ እያልኩ ሄድኩ። መጀመሪያ ካሜራዋን በራሷ ገመድ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁና 100 ሥዕል አነሣሁ። አንድም የተቆረጠ የለም። ካሜራዋ ነፃ ወጣች፤ ገመዷም አብሮ ነፃ ወጣ። ቀጥዬ ትንሿ ኮምፒውተር ላይ ለዩኤስቢ የተመደበውን ሚሞሪ አየሁ። ሊኑክስ ካልነገሩት በቀር ለዚህ ሥራ የሚመድበው 16 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ትልልቅ ሥዕል ለሚልክ ካሜራ ይጠበዋል። ጨመርኩለት። ለውጥ የለም፤ መለስኩት። ከዚያ የካሜራዋን የመላኪያ ፍጥነት በግማሽ ቀነስኩ። የሚቆረጠው ሥዕል በጣም አነሰ፤ ግን አልጠፋም።

ይህን ስነግራቸው አዛውንቱ ጣታቸውን ቀሰሩ። ‹‹ሥራው ሲቀልለት የሚሻለው ከሆነ፣ የራበው ነገር አለ። በል ምግቡን እንየው›› አሉና ቴስተራቸውን ይዘው መጡ። ጣሪያ ድረስ ደረጃውን እያረፉ ወጡልኝ።

ሳሎን ሶኬት ላይ ያለው ቻርጀር 5 ቮልት ይሰጣል። ደህና ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር እየሠራ ሳለ ጣሪያው ላይ፣ ኮምፒውተሯ ዘንድ የሚደርሰውን ለኩ። 4.5። ግማሽ ቮልት በመንገድ ቀርቷል።

የት ቀረ? ገመዱ ላይ ነዋ! ኮምፒውተሯን ወደ ጣሪያ ሳወጣ የበረንዳዋ አጭር ገመድ አልደርስ ስላለችኝ 3 ሜትር ርዝመት ያላት ቀጭን የስልክ ቻርጀር ገመድ ገዝቼ ነበር። ቀጭን ሽቦ ደግሞ የሚያልፍበትን ኤሌክትሪክ ቀረጥ ያስከፍላል። ግማሽ ኦህም የሚይዝ ሽቦ 1 አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት ይበላል። ከ220 ቮልት ላይ ግማሽ ቢጠፋ ማንም አያውቅም፤ ከ5 ላይ ሲጠፋ ግን ረሃብ ነው። ኮምፒውተሯ አልጠፋችም፣ ጨርሳም አልወደቀችም። እየተንገዳገደች ትሠራለች፤ ሥራው በበዛባት ቅጽበት ካሜራዋ የምትልከውን መቀበል ያቅታትና ነጥብ ይወድቃል።

‹‹ይቺን ገመድ ማን ገዛት?›› አሉ አዛውንቱ።

መልስ አልሰጠሁም። ‹‹ማን ነካው?›› ከተባለማ፣ የነካሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። የዚያን ለት ማታ፣ ከመጀመሪያው ማንበብ የነበረብኝን የኮምፒውተሯን መመሪያ ከፍቼ አነበብኩ። የሚደርሳት ኤሌክትሪክ ከ4.63 ቮልት ሲወርድ ኮምፒውተሯ ራሷ ታስጠነቅቃለች ይላል። እንዴት? በተሰካችበት ስክሪን ጥግ ላይ አንዲት ምልክት በማሳየት። ምልክቷም በሥዕል ተቀምጣለች፤ ቢጫ መብረቅ ናት።

‹‹ግን እኮ መብረቅ…››

መመሪያውን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። እኔ ለኮምፒውተሯ ስክሪን ሰክቼላት አላውቅም። ሁልጊዜ በዋይፋይ ነበር የማያት፤ በዚያ መንገድ ምልክቷ ለእኔ አትደርስም ነበር። የዕቃውን ሕመም በዓይኑ ያየው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ የሰካው። ያየበት ቀን ደግሞ የተቆጣሁበት ያው ቀን ነው። ሊነግረኝ ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሁለቴም ዘጋሁበት። ምስክሩን ተከሳሽ አደረግሁት። ያን ሁሉ ምሽት ስደክምበት የነበረው መልስ ከትሪው ማዶ ዳር ዳሩን እየጎረሰ ከእኔ ጋር እራት ይበላ ነበር።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። ቮዬጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር፣ ከምድር ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ፣ የምትልከው መረጃ ሁሉ ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ሆነ። አንድ ጥያቄ ልኮ መልስ ለመስማት ደርሶ መልስ 45 ሰዓት ይፈጃል። የናሳ ባለሙያዎች እዚያ ሄደው ቴስተር ማስነካት አይችሉም። በትዕግሥት እየጠየቁ፣ እየጠበቁ፣ በማርች 2024 ጥፋቱ ከአንዱ ኮምፒውተሯ ሚሞሪ 3 በመቶ ገደማ ላይ መሆኑን ደረሱበት፤ በተበላሸው ቦታ የነበረውን ትእዛዝ ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩትና በኤፕሪል ስለ ጤንነቷ ደህና መረጃ መላክ ጀመረች። መንኮራኩሯ የተላከችው በ1977 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንት እጅ ነክቷት ይሆን? እነሱ ግን ‹‹ምን ነካት?›› አሉ። ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ማዶ የመጣ የተቆራረጠ ድምፅ ለወራት አደመጡ። እኔ ሁለት ሜትር ላይ የቆመ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨርስ አልታገስኩም።

‹‹ማን ነካው›› እና ‹‹ምን ነካው›› የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። እንደ ካሜራዋ ነጥብ አንዷ ስትዛነፍ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቦታውን ይስታል። ‹‹ማን›› ብሎ የጀመረ ሰው ሰው ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል፤ ብልሽቱ ግን እዚያው ተቀምጧል። ‹‹ምን›› ብሎ የጀመረ በመጨረሻው ሰውም ላይ ሊደርስ ይችላል። እኔ ደርሼ ያገኘሁት ራሴን ነው።

አሁን የቀረው ይቅርታ መጠየቅ ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ መጠየቅ አልለመደበትም። ቢበዛ ብስኩት ይገዛል፣ ጭንቅላቱን ዳበስ ያደርገዋል፣ ‹‹በል ና ብላ›› ይላል። እኔም ብስኩቱን ገዝቼ ነበር። ማሙሽ ‹‹እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ›› ብሎ ተቀበለኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። ብስኩቱ ሦስት ቀን ጠረጴዛው ላይ ሰነበተ።

በአራተኛው ቀን ኮምፒውተሯን ከነቀጭኗ ገመድ አወረድኩና፣ ‹‹ማሙሽ፣ እስቲ መብረቋን አሳየኝ›› አልኩት።

አየኝ። ‹‹ቲቪው ላይ ልሰካው?››

‹‹ሰካው።››

ሰካው። ኮምፒውተሯ ስትነሣ ከስክሪኑ በላይኛው ጥግ ቢጫዋ መብረቅ ብልጭ አለች፤ ጠፋች፤ ደግማ ብልጭ አለች። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ ከኋላችን ቆማ ነበር።

‹‹ያኔ ልትነግረኝ የነበረው ይሄን ነው?›› አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

‹‹ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሳልሰማህ ጮህኩብህ። ይቅርታ አድርግልኝ።››

ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ የፈጀብኝን ጊዜ ቮዬጀር ታውቀዋለች። ማሙሽ ‹‹ኧረ ምንም አይደል ጋሼ›› አለና አንገቱን ደፋ። ባለቤቴ ‹‹ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ያለው ማን ነበር?›› ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ከዚያ መፍትሔው ቀላል ነበር። ረጅሙን መንገድ ለ220 ቮልቱ ሰጠነው፤ ማከፋፈያ ገመድ ጣሪያ ድረስ ወጣ። ለኮምፒውተሯ የሚገባውን፣ 5.1 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጠውን ቻርጀር ዝናብ እንዳያገኘው ሸፍነን እዚያው አጠገቧ፣ በአጭር ወፍራም ገመድ አደረግንላት። መብረቋ ዳግመኛ አልታየችም። 200 ሥዕል አነሣን፤ አንድም አልተቆረጠም።

ጳጉሜን 2፣ የሩፋኤል ዋዜማ፣ ጎረቤት ሁሉ ጋቢውን ለብሶ ጣሪያችን ላይ ወጣ። አዛውንቱም መጥተው ወንበር ተሰጣቸው። ደመናው ይገልጣል፣ ይሸፍናል። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ሰማዩ ተከፈተና ጨረቃ እንደ ፍም ቀልታ ብቅ አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። ላፕቶፑን የያዘው ማሙሽ ነበር። ሥዕሉ መጣ፤ ከላይ እስከ ታች ሙሉ፣ አንድም ነጥብ ያልጎደለው። አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እንግዳ ሲመጣ ስለ ሥዕሉ ማሙሽ ነው የሚያስረዳው። ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ድሮ ቁልፍ ካየ የሚጫን፣ ቀዳዳ ካየ የሚሰካ ልጅ ነበር ብያችኋለሁ። ዛሬም ቴሌስኮፑ አጠገብ አይጠፋም፤ ነገር ግን እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ቆም ብሎ ፊቴን ያየኛል።

‹‹ልንካው ጋሼ?›› ይለኛል።

‹‹ንካው እንጂ ማሙሽ፣ ያንተ አይደል እንዴ!›› እለዋለሁ። ሁልጊዜ እለዋለሁ። እሱም ሁልጊዜ ይጠይቃል።